የወንዙን ዳር ለነዋሪዎቹ መመለስ

(ለደጋፊ አጥቢያዎች ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በአንድነት የተሰጠ ንግግር)



በእንዲህ ያለው ስብሰባ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንነግራችሁ ስለ ቆፈርነው ጉድጓድ፣ ስላከፋፈልነው እህልና ስለ ተከልነው ችግኝ ነው። ዛሬ ግን የምንነግራችሁ ስለ ነቀልነው ዛፍ ነው። ዘመናችንን ሙሉ «ዛፍ ትከሉ» ስንል የኖርን ሰዎች ዛፍ ነቃይ ሆነን ስንገኝ አንዳንዶቻችሁ ትገረሙ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ብንተርክላችሁ ይሻላል።

አንድ ቀን በአፋር ምድር፣ በመካከለኛው አዋሽ አካባቢ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ አርብቶ አደር ከብቶቻቸው ድሮ ውኃ ይጠጡበት ወደ ነበረው መልካ ይዘውን ሄዱ። ወንዙ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው መንገዱ አለቀ። ከፊታችን እርስ በርሱ የተቆላለፈ፣ እሾሁ እንደ ምስማር የጠነከረ አረንጓዴ ግድግዳ ቆሞ ነበር። ውኃው ሲፈስስ ይሰማናል፤ ነገር ግን አይታየንም። ሽማግሌው በበትራቸው አንዱን ቅርንጫፍ ገለጥ አድርገው አሳዩንና በአስተርጓሚ አማካይነት እንዲህ አሉን፦ «ልጅ ሳለሁ እዚህ ቆሜ የማዶውን ዳር አይ ነበር። ጠዋት ጠዋት አምባራይሌው ከግራሩ ሥር ወጥቶ ይጠጣል፤ ጅግራው ሣሩ ውስጥ ይጮኻል፤ ከብቶቻችንም ተራቸውን ጠብቀው ይጠጡ ነበር። አሁን ከብቴ ውኃ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይዞራል። በዚህ ጫካ ውስጥ የተመቸው ጅብ ብቻ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህን ዛፍ ማን አመጣብን?» ብለው ጠየቁን።

አስተርጓሚያችን ጥያቄውን ሲነግረን ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። እኛም እንደዚሁ አደረግን። መልሱን እናውቀው ነበርና።

ዛፉ እንዴት መጣ

የዚህ ዛፍ ስም ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይባላል። አገሩ ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ነው። ወደ አፋር የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያ የተተከለው በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ በሚለሙት የጥጥ እርሻዎች አካባቢ ሲሆን፣ የታሰበውም ነፋስ እንዲከላከል፣ ጥላ እንዲሆንና አፈር እንዲይዝ ነበር። በኋላም ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ተተክሏል። የአፋር ሕዝብ የመጣበትን ዘመን አስታውሶ «ደርጊ ሃራ» ማለትም «የደርግ ዛፍ» ብሎ ሰየመው። ይሁን እንጂ ዛፉን የተከለው መንግሥት ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በእርዳታ ሥራ ላይ ከነበርነው ብዙዎቻችን በየችግኝ ጣቢያው አፍልተነዋል፤ በየሪፖርታችንም የችግኙን ብዛት እንደ መልካም ፍሬ ቆጥረን ለእናንተ አስታውቀናል።

ይህን የምንናገረው የቀደሙትን ሠራተኞች ለመንቀፍ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ያዩት ነገር አለ። ምድሩ ተራቁቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ እናቶች ማገዶ ፍለጋ ሩቅ ሲሄዱ ነበር። በዚህ መካከል ድርቅ የማይበግረው፣ ጨዋማ መሬት ላይ እንኳ የሚበቅል፣ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይደርቅ፣ ፍሬው ለከብት የሚሆን፣ እንጨቱ ጥሩ ፍም የሚያወጣ ዛፍ ተገኘ ሲባል እንዴት አይደሰቱም? የተባለውም ሁሉ እውነት ነበር። ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ ይኸውም «ይህን ዛፍ በአገሩ የሚገታው ምን ነበር? እዚህስ ማን ይገታዋል?» የሚለው ነው።

ወደ ሽማግሌው በሌላ ጊዜ ተመልሰን ስንሄድ፣ «አባታችን፣ ያን ጊዜ የጠየቁንን አልመለስንልዎትም፤ ዛፉን ካመጡት ወገን እኛም አለንበት» አልናቸው። ይቆጡናል ብለን ነበር። እሳቸው ግን፣ «ያመጣው ከታወቀ መልካም ነው፤ እንግዲያው ዶማችሁን ይዛችሁ ኑ» አሉን። ሥራችንም የጀመረው በዚህ ቃል ነው።

ወንዙን እንዴት ይይዘዋል

ዶማ ከማንሳታችን በፊት የዛፉን ጠባይ ማወቅ ነበረብን። እናንተም ብታውቁት የምንለምናችሁ ነገር ምክንያቱ ይገባችኋል።

የፕሮሶፒስ ፍሬ እንደ ባቄላ ዘለላ ያለ ሲሆን ጣፋጭ ነው። ፍየሉም፣ ከብቱም፣ ግመሉም፣ ከርከሮውም ይወደዋል። ውስጡ ያለው ዘር ግን ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ብዙው በከብት ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ያልፋል፤ ከእበቱ ጋር ሲወድቅ ማዳበሪያውን ይዞ ወደቀ ማለት ነው። ወደ ወንዝ የሚወርደው ከብት ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ እየዘራ ይሄዳል። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጎርፉ ዘሩን አንሥቶ ወደ ታችኛው ተፋሰስ ያደርሰዋል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚያበቃ ወንዝ ነው። ጎርፉ በሚያርፍበት ለስላሳና እርጥብ ደለል ላይ ዘሩ ከሁሉ ይልቅ ይመቸዋል። ስለዚህ ይህ ዛፍ በመጀመሪያ የሚወርሰው የወንዙን ዳር ነው።

አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ ሥሩን ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰድዳል። የቅርብ ዘመዱ የሆነ አንድ የፕሮሶፒስ ዓይነት በአሜሪካ አሪዞና ውስጥ በማዕድን ቁፋሮ ቦታ ሥሩ ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአፋር አንድ ዛፍ በአማካይ በቀን 7 ሊትር ያህል ውኃ ይጠጣል። ይህ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን የዛፉ ብዛት ሲታሰብ በመላው የአፋር ክልል በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዛፉ በ35 ዓመት ውስጥ በክልሉ ወደ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ላይ፣ በአንዳንዱ ሥፍራ ጥቅጥቅ ብሎ በአንዳንዱም ሳሳ ብሎ፣ እንደ ተሰራጨ አሳይቷል።

በሥሩ ሣር አይበቅልም። ጥላው ድፍን ነው፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ንጥረ ነገርም የሌላው ተክል ዘር እንዳይበቅል ያውካል። ቅጠሉን ከብትም ሆነ የዱር እንስሳ አይወደውም። ስለዚህ ከሩቅ ሲታይ ለምለም የሆነው ጫካ ለሚግጠው እንስሳ ባዶ ገበታ ነው።

የማን ቤት ነበር

የወንዝ ዳር በበረሃ ምን ማለት እንደ ሆነ ደገኛው በቀላሉ ላይገነዘበው ይችላል። በዚያ ምድር ዝናብ ጥቂት ነው። ሌላው መሬት ሁሉ ሲደርቅ ሣርና ጥላ የሚገኘው ወንዙ ሞልቶ በሚያጠጣው ቀበቶ ላይ ብቻ ነው። አርብቶ አደሩ ከብቱን የሚያሻግርበት የበጋ መጠባበቂያው ይህ ነው። የዱር እንስሳውም ቢሆን ሌላ መጠባበቂያ የለውም። በግራሩ ላይ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ፤ አምባራይሌ ቅጠል ይቀነጥባል፤ ጅግራና ቆቅ በሣሩ ውስጥ ይፈለፍላሉ፤ የሜዳ ፍየል ከሜዳው ወደ ውኃው ይወርዳል። ሰውና አውሬ ይህን አንድ ቀበቶ ለዘመናት ተካፍለው ኖረዋል።

ፕሮሶፒስ ቀበቶውን ሲይዘው ሁለቱም ከቤታቸው ወጡ። ከብቱ የወንዙን ዳር ሲነጠቅ ወደ ሜዳው ሄደ፤ ሲሄድም ዘሩን በሆዱ ይዞ ነበር። የሃላይደጌ ሜዳ የደረሰበት ይኸው ነው። ይህ ሜዳ በኢትዮጵያ የግሬቪ የሜዳ አህያ ከቀረባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ይህ እንስሳ ጠባብ ጠባብ መስመር ያለው፣ ጆሮው ሰፊ፣ ከሜዳ አህዮች ሁሉ ትልቁ ነው። ስሙንም ያገኘው በ1882 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንሳይ አንድ ተልኮ በጊዜው በነበሩት ፕሬዚዳንት በዡል ግሬቪ ስም ስለ ተሰየመ ነው። ዛሬ በዱር የቀረው በዓለም ሁሉ ወደ 3,000 ገደማ ብቻ እንደ ሆነ ይገመታል፤ አብዛኛውም በኬንያ ነው። ከአገራችን ወጥቶ በዓለም የታወቀው እንስሳ በአገራችን ሣር ያጣው እኛ በበጎ ፈቃድ በተከልነው ዛፍ ጭምር መሆኑን ስናስብ ያሳዝነናል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከብት ይዞት የሚሄደው የፕሮሶፒስ ዘር የሃላይደጌን ሣርና ይህን እንስሳ ለአደጋ እንዳጋለጠ ገልጿል።

በዚህ ላይ ጥቅጥቁ ጫካ ለጅብና ለሌላው አዳኝ አውሬ መደበቂያ ሆኗል። ከብት ጠባቂው ልጅ አውሬውን የሚያየው ፍየሉን ነጥቆ ሲሮጥ ነው። እረኛው በአውሬ ላይ ያለው ጥላቻ ይጨምራል፤ ጥፋቱ ግን የአውሬው ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያ ሥራችንና ስሕተታችን

አሁን የምንናገረው በተለይ ለእናንተ ለደጋፊዎቻችን ነው፤ ልንሰውረው አይገባንምና።

በመጀመሪያው ዓመት ከቀበሌው ሕዝብ ጋር ሆነን መጥረቢያና ገጀራ ይዘን ወጣን። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የመልካው ዳር ተመነጠረ። ውኃው ታየ፤ ከብቱ ወረደ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ፎቶግራፍ አንሥተን በዚሁ መልእክት መጽሔት ላይ አሳተምንላችሁ። ብዙዎቻችሁ ተደስታችሁ ጻፋችሁልን።

በተከታዩ ዓመት በዚያው ቦታ ቆመን ያንኑ ፎቶግራፍ ማንሣት አልቻልንም። ከእያንዳንዱ ጉቶ አንድ ግንድ በነበረበት ብዙ ቅርንጫፍ ወጥቶ፣ ጫካው ከበፊቱ የባሰ ተቆላልፎ ነበር። ፕሮሶፒስ የሚያቆጠቁጠው ከመሬት ወለል በታች ካለው የሥሩ አንገት ነው። እኛ ከመሬት በላይ ስንቆርጠው እንደ መግረዝ ሆነለት። የበቀለውን ሌላ ችግኝ ስንመለከት ደግሞ ፀሐይ በማግኘቱ በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ የቆየው ዘር ሁሉ ተነሥቶ ነበር።

ሁለተኛም ስሕተት ሠራን። ሥራው ገቢ እንዲያስገኝ ብለን የተቆረጠውን እንጨት ከሰል እንዲያከስሉት ፈቀድን። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ከሰል ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ይህ የመጤው፣ ያ የአገሩ ግራር ነው ብሎ የሚለይ ነጋዴ የለም። በጫካው መካከል ታፍነው ከቆዩት አሮጌ ግራሮች አንዳንዶቹ ለከሰል ወደቁ። ልናድናቸው የመጣንላቸውን ወፎች ጎጆአቸውን ያፈረስን እኛው ሆንን።

ይህን ሁሉ በጊዜው አልጻፍንላችሁም። ዛሬ በፊታችሁ እንናገረዋለን። የሰጣችሁን ገንዘብ አልባከነም፤ ነገር ግን ሥራው አለቀ ብለን የነገርናችሁ ገና ሲጀመር ነበር።

ከጉቶው በታች

ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ ጀመርን። ለፕሮጀክት ሠራተኞች ይጠቅም ዘንድ በተራ እንናገረው።

አንደኛ፣ ከመቁረጣችን በፊት እንመርጣለን። የአካባቢውን ዛፍ ጠንቅቀው የሚያውቁ አረጋውያንና እናቶች ቀድመው ገብተው ግራሩን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ያስሩበታል። ጨርቅ ያለበትን ማንም አይነካም። ወፍ ጎጆ ያለበት ሥፍራ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይቆያል። ከሰል የሚከሰለውም ጨርቅ አሳሪዎቹ ባሉበት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመሬት በታች እንቆርጣለን። ዙሪያውን በዶማ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረን የሥሩን አንገት ከማቆጥቆጫው በታች እናነሣዋለን። ይህ አድካሚ ነው። በመጥረቢያ በአንድ ቀን የሚያልቀው በዶማ ሳምንት ይወስዳል። ጠንካራ ጓንትና ጫማ የሌለው ሰው ለዚህ ሥራ አይሰለፍም፤ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል፤ የሰው እግርማ እንዴት ይሆን?

ሦስተኛ፣ ዳሩን በአንድ ጊዜ አናራቁትም። በቁመቱ በየተራ እንነቅላለን፤ አንዱ ቦታ ሣር ሲይዝ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ያለዚያ ጎርፍ ሲመጣ የተራቆተውን አፈር ይዞት ይሄዳል፤ ወንዙም ይደፈርሳል።

አራተኛ፣ ባዶ ቦታ አንተውም። የአካባቢውን ሣር ዘር እንበትናለን፤ የግራር ችግኝ እንተክላለን፤ እስኪጠና ድረስ ከከብት እናጥራለን። ባዶ ቦታ ካገኘ ፕሮሶፒስ ከማንም ቀድሞ ይገባል።

አምስተኛ፣ ዘሩን ከምንጩ እንዘጋለን። ፍሬው ሲበስል ተለቅሞ ይፈጫል። የተፈጨው ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ለከብት ይሰጣል፤ ዘሩ ስለ ተሰበረ ከእንግዲህ አይበቅልም። ፍሬውን በዱር የበላ ከብትም ወደ ጸዳው ቦታ ከመግባቱ በፊት ሆዱ እስኪጸዳ ለጥቂት ቀን በበረት ይቆያል።

ስድስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ተመልሰን እንሄዳለን። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ የበቀለውን ትንሽ ችግኝ በእጅ እንነቅላለን። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያልና ይህ የአንድ ወቅት ሥራ አይደለም። አገሬው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። አንድ ስንዝር የሆነውን ችግኝ አንድ ልጅ በሁለት ጣቱ ያወጣዋል፤ በሦስተኛው ዓመት ግን አራት ሰው በዶማ ይደክምበታል።

ሌሎች ያዩት

ይህ ድካም ፍሬ ይኖረው ይሆን ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኛም ጠይቀናል። መልሱን ለማግኘት ከእኛ ቀድመው የጀመሩትን ተመለከትን።

በደቡብ አፍሪካ እንደ ጥቁር ዋትል ያሉ ከአውስትራሊያ የመጡ ዛፎች የወንዞችን ዳር ወርረው ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. የውኃ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩት በካዴር አስማል ዘመን መንግሥት አንድ ፕሮግራም ጀመረ፤ ሐሳቡም ሥራ የሌላቸውን ድሆች ቀጥሮ ወራሪ ዛፎችን ከወንዝ ዳር ማስወገድ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙ ሴቶች፣ በዚህ ሥራ እንጀራ አግኝተዋል።

በኬፕ አካባቢ የሆነውን በተለይ ልንነግራችሁ እንወዳለን። በዚያ አገር ጅረቶች ዳር ረዥም ቀጭን አካልና እንደ መስታወት የጠራ አራት ክንፍ ያላቸው፣ በውኃ ላይ የሚያንዣብቡ ነፍሳት አሉ። አንዳንዶቹ በዓለም ላይ ከዚያ በቀር አይገኙም። መጤው ዛፍ ጅረቱን ሸፍኖ ፀሐይ ሲከለክላቸው ጠፉ፤ ከነጭራሹ አልቀው ይሆናል የተባሉም ነበሩ። ዛፉ ሲነሣና ፀሐይ ውኃውን ሲያገኘው ግን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያልታዩት ሳይቀሩ ተመልሰው ታዩ። ማንም አላመጣቸውም። በአንድ ጥግ ተርፈው የቆዩ ጥቂቶች ቤታቸው ሲከፈት ራሳቸው መጡ።

ከዚያው አገር የተማርነው ሌላም ነገር አለ። ከተነቀለ በኋላ ክትትል ያልተደረገለት የወንዝ ዳር እንደገና ተወርሯል። ይህም በመልካችን የደረሰብንን ያረጋግጣል።

የተመለሱት

በእኛስ በኩል? አሁን እንደ በፊቱ ከእውነቱ አልፈን እንዳንናገር እንጠነቀቃለን። ያጸዳነው ከአዋሽ ርዝመት ጋር ሲተያይ እንደ ጥፍር ነው። ሌላው ዳር አሁንም በጫካ ተይዟል።

ነገር ግን ያየነውን እንናገር። በዶማ በሠራነው ቦታ ከሁለት ክረምት በኋላ ሣሩ ያዘ። በነጭ ጨርቅ የዳኑት ግራሮች ብርሃን ሲያገኙ አቆጠቆጡ፤ ወፎችም ጎጆ ሠሩባቸው። አንድ ጠዋት ከሽማግሌው ጋር ወደ ውኃው ስንወርድ በእርጥቡ አሸዋ ላይ የቀጭን ኮቴ ዱካ አገኘን። ከፍየል ኮቴ ለይቶ ማወቅ ለእኛ አስቸጋሪ ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ይህ የእኔ ከብት አይደለም» አሉ። እንስሳውን አላየነውም። ከሣሩ ውስጥ ግን የጅግራ ድምፅ ሰማን። ሽማግሌው ቆመው ሲያዳምጡ እኛም አብረን ዝም አልን።

አንድ ዱካና አንድ የወፍ ድምፅ ለሪፖርት የሚበቃ ቁጥር አይሆንም። እኛ ግን ያን ጠዋት ካወጣነው ሪፖርት ሁሉ አስበልጠን እናስታውሰዋለን።

ከእናንተ የምንፈልገው

ወንድሞችና እህቶች፤ ወደ መጨረሻው ደርሰናል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች የምንለው ይህ ነው። በየጣቢያችሁ «ቶሎ ይበቅላል፣ ምንም አይገድለውም» እየተባለ የሚመጣ ተክል ነገም ይኖራል። «ምንም አይገድለውም» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ደስ አይበላችሁ፤ ፍሩ። ከመትከላችሁ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎችና እናቶች ጠይቁ፤ ቢያስቸግር እንዴት እንደሚነቀል ሳታውቁ አትትከሉ። በወንዝ ዳር ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ወንዝ የተሰጠውን ዘር ለራሱ አያስቀምጥምና።

ለአጥቢያዎች የምንለው ደግሞ ይህ ነው። እናንተ በልግስና ሰጥታችኋል። ለመትከል ስጡ ስንላችሁ ሰጣችሁ፤ ለመንቀል ስጡ ስንላችሁም ሰጣችሁ። አሁን የምንለምናችሁ ለሦስተኛው ሥራ ነው፤ ይህም ፎቶግራፍ የማይወጣለት ሥራ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ጥቂት ሰዎች ከዝናብ በኋላ በመልካው ዳር እየተመላለሱ ስንዝር የማይሞላ ችግኝ ሲነቅሉ የሚያሳይ ሥዕል ማንንም አያስደንቅም። ያለ እነርሱ ግን የቀደመው ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከእንግዲህ «ስንት ሄክታር ጸዳ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁን። «አምና የጸዳው ዘንድሮ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ብትጠይቁን በሥራችን ላይ ታስቆዩናላችሁ።

ሽማግሌው ዶማችሁን ይዛችሁ ኑ ሲሉን የጠየቁን የጉልበት እርዳታ ብቻ አልነበረም። ዛፉን ተክለው የሄዱ ሰዎችን አይተዋል፤ ቆርጠው ፎቶግራፍ አንሥተው የሄዱ ሰዎችንም አይተዋል። የሚመለሱ ሰዎችን ገና አላዩም ነበር። ባለፈው ጊዜ ስንለያቸው፣ «ከዝናቡ በኋላ ትመጣላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እንመጣለን አልናቸው። ይህን ቃል የሰጠነው በእናንተም ስም ነው።